የዔሊ ዓይንና የስልካችን ቀለም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ መስሎኝ ነበር፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ራሴን የገሠጸኝ ነገር ሆነ። ስለዚህ ሌላውን ለማስተማር ሳይሆን መጀመሪያ ጥፋቴን ለመናገር ነው ብዕር ያነሣሁት።

ባለፈው ዓመት በአንድ የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ከወጣቶች ኅብረት ሁለት ልጆች መጡ። መዝሙሮቻችንንና የዕለቱን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ በስልክ የምናነብበትን ድረ ገጽ በትርፍ ጊዜያቸው የሠሩልን እነርሱ ናቸው። አንዱ ኮምፒውተር የተማረ ነው፤ ሌላው ከዩቲዩብ ለቅሞ ያወቀ ነው። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ "መጋቢ፣ ገጹ ላይ የቀለም ምርጫ እንጨምርበት። በነጭ መደብ ማንበብ የሚፈልግ በነጭ፣ በጥቁር የሚፈልግ በጥቁር ያንብብ። ሁለት ሳምንት ይበቃናል።"

እኔስ ምን አልኳቸው? "ልጆቼ፣ የነቢያት መጻሕፍት ገና ተጭነው አላለቁም። መዝሙሮቹም ውስጥ የፊደል ስሕተት ሞልቷል። እናንተ ስለ ቀለም ታወራላችሁ? ቃሉ ቀለም አያስፈልገውም!" ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመጨረሻዋ ንግግሬ ለራሴም ጣመችኝ፤ የስብከት ርእስ ትመስል ነበር። ልጆቹ "እሺ መጋቢ" ብለው ወጡ። በአገራችን "እሺ" ስንት ዓይነት ትርጉም እንዳላት ታውቃላችሁ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም።

ጉም የጋረደው መዝሙር

ከዚያ ስብሰባ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችንን እናት ልጠይቅ ሄድኩ። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ፊደል የለዩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ልጅ አዝለው፣ ከእርሻ ሥራ በኋላ እየሄዱ። ጌታን ካገኙ ወዲህ መዝሙረ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ስንት ጊዜ እንደ ጨረሱ እሳቸውም አልቆጠሩትም። አሁን ግን የዓይን ሞራ ጋርዷቸዋል። መጽሐፍ ቅዱሳቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከራስጌያቸው ተቀምጧል። ካልገለጡት ዓመት ሊሞላው ነው።

መሽቶ ነበር፤ መብራትም ጠፍቷል። የልጅ ልጃቸው "እማማ፣ መዝሙር ላንብብ?" ብሎ ስልኩን አወጣና ያንኑ የእኛን ገጽ ከፈተ። ነጩ ብርሃን ጨለማውን ቤት ሞላው። እማማ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "ኧረ ልጄ፣ አጥፋው! እንደ ቀትር ፀሐይ ወጋኝ። ፊደሉ የት አለና፤ ጉም ነው የሚታየኝ" አሉ።

ልጁ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና የስልኩን ሁሉንም ቀለም ገለበጠው። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆነ። ፊደሉንም አተለቀው። እማማ ስልኩን ተቀብለው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እየጎተቱ አንድ መቶ ሃያ አንደኛውን መዝሙር፣ ያንን ዓይንን ወደ ተራሮች ስለ ማንሣት የሚናገረውን፣ ቀስ ብለው ቃል በቃል ራሳቸው አነበቡት። ሲጨርሱ ወደ ልጁ ዞረው "ሌላም አለው?" አሉት።

እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ የተናገርኩትን አስብ ነበር። ቃሉ ቀለም አያስፈልገውም ብዬ ነበር። እውነት ነው፤ ቃሉ አላስፈለገውም። ያስፈለጋቸው እማማ ናቸው።

መብራቱ ሳይጠፋ ዓይን ሲፈዝ

በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 መጽሐፉ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጥልናል። አንደኛው፣ የዔሊ ዓይኖች መፍዘዝ ጀምረው ነበር። ሁለተኛው፣ የእግዚአብሔር መብራት ገና አልጠፋም ነበር። ለብዙ ዓመታት ይህን ክፍል ስሰብክ ስለ ዔሊ ልጆች ኃጢአትና ስለ ሕፃኑ ሳሙኤል መታዘዝ ነበር የምናገረው። ያቺ ማታ ግን ስለ ዓይኖቹ የተጻፈችው አሳብ ብቻዋን ተነሥታ መጣችብኝ። መብራቱ አለ፤ ዓይኑ ግን ፈዘዘ። ብርሃን በቤቱ እያለ ማየት ያቃተው ሰው በመካከላችን አለ ማለት ነው።

ይስሐቅንም አስቡት። በዘፍጥረት 27 ዓይኖቹ ከመፍዘዛቸው የተነሣ የገዛ ልጆቹን መለየት አቅቶት በእጁ ዳሰሰ፤ ተታለለም። ዓይኑ የፈዘዘበት ሰው የተነገረውን ከማመን ሌላ መንገድ የለውም። እኛ ወንጌላውያን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመን የምንናገረው አንድ ነገር አለ፦ ምእመኑ ቃሉን ራሱ ያንብብ፣ ራሱ ይመርምር። በሐዋርያት ሥራ 17 የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት ጳውሎስ የነገራቸውን ሳይቀር በመጻሕፍት ስለ መረመሩ ነው። እንዲህ እየሰበክን እናቶቻችን ራሳቸው ማንበብ የማይችሉትን ገጽ ካዘጋጀንላቸው የምንሰብከውን በእጃችን አፍርሰነዋል። እማማ ቃሉን ከእኔ አፍ ብቻ የሚሰሙ ከሆነ እኔ ስሳሳት ማን ያርመኛል?

እግዚአብሔር ለመነበብ ነገር ግድ ይለዋል። ለዕንባቆም ራእዩን በጽላት ላይ ግልጽ አድርጎ እንዲጽፍ ያዘዘው የሚያነብበው ሰው እንዳይደናቀፍ ነው (ዕንባቆም 2)። በነህምያ 8 ሌዋውያኑ ሕጉን ለሕዝቡ እየለዩ አነበቡ፤ ትርጉሙንም አስረዱ። ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት መጨረሻ በገዛ እጁ የጻፋቸው ፊደላት ትልልቅ መሆናቸውን ራሱ ይናገራል። የፊደል መጠን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከተጠቀሰ፣ እኔ ማን ነኝና ስለ ፊደል ቀለም መነጋገርን እንደ ከንቱ ነገር የምቆጥረው?

ነገሩ በእውነት ምንድን ነው?

ወደ ቤት ተመልሼ ልጆቹን አስጠራኋቸው፤ እያነበብኩም እየጠየቅሁም ነገሩን ለማወቅ ሞከርኩ። የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

የዓይን ሞራ የዓይን ሌንስ መደፍረስ ነው። በተደፈረሰ ሌንስ ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን በአንድ ቦታ አያርፍም፤ ይበተናል። መላው ስክሪን ነጭ ሲሆን የሚገባው ብርሃን ብዙ ስለሆነ የሚበተነውም ብዙ ነው፤ ጥቁሮቹ ፊደላት በዚያ ውስጥ ይሰጥማሉ። መደቡ ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ ሲሆን ግን ብርሃኑ የሚመጣው ከፊደሉ ብቻ ነው። የዕይታ ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓይናቸው ውስጥ የደፈረሰባቸው ሰዎች ነጭ ፊደልን በጥቁር መደብ ላይ የተሻለ እንደሚያነብቡ አሳይተዋል። እማማ "ጉም ነው" ያሉት ነገር እውነተኛ ምክንያት ነበረው።

ይህ የአንዲት እናት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ማየት የተሳናቸው መሆናቸውን፣ ለዚህም ግማሽ ያህሉን ድርሻ የያዘው የዓይን ሞራ መሆኑን አመልክቷል። የአማራ ክልል ደግሞ በትራኮማ እጅግ ከተጎዱት የአገራችን ክፍሎች አንዱ ነው። በየቤቱ ጢስና ትራኮማ ዓይናቸውን የጎዳባቸው አያቶች እንዳሉ ማናችንም እናውቃለን። (በነገራችን ላይ የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይድናል። አያታችሁን ወደ ሕክምና መውሰድ ቀለም ከመቀየር ይቀድማል። እኛም ለእማማ ይህን ጀምረናል።)

"እንግዲያው ገጹን በሙሉ ጥቁር እናድርገው" የሚል ሰው ይኖራል። እሱም ስሕተት ነው። ጤናማ ዓይን ያለው ሰው በአብዛኛው ጥቁር ፊደልን በነጭ መደብ ላይ በተሻለ ፍጥነት እንደሚያነብ ጥናቶች ያሳያሉ። አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ደግሞ ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ ሲያይ ፊደሉ እንደ ፋኖስ ይፈነጥቅበታል። የእኛ ፊደል ደግሞ ጥቃቅን ምልክቶች አሉት፤ "በ"ን ከ"ቡ" የምትለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። እርሷ ከደበዘዘች ቃሉ ይለወጣል። የላስታን የቀትር ፀሐይ ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ። በዚያ ፀሐይ ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆሞ በጥቁር መደብ የተጻፈ ነገር ለማንበብ የሞከረ ሰው የሚያየው የራሱን ፊት ነው።

ባትሪን በተመለከተም እውነቱን እንነጋገር። "ጥቁሩ ባትሪ ይቆጥባል" የሚባለው የሚሠራው ኦሌድ የሚባለው ስክሪን ላላቸው ስልኮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት በእነዚህ ስልኮች ላይ ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ጥቁሩ ገጽታ ከ39 እስከ 47 በመቶ ኃይል ይቆጥባል፤ ብርሃኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ግን ቁጠባው ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። አብዛኞቻችን የያዝናቸው ርካሽ ስልኮች ኤልሲዲ ስለሆኑ ከኋላ ያለው መብራት ሁልጊዜ ይበራል፤ የሚቆጥቡት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለምእመናን ያልሆነውን አንንገራቸው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ ለሁሉም የሚስማማ አንድ ቀለም የለም። ለዚህ ነው መፍትሔው ጥቁሩ ወይም ነጩ ሳይሆን ምርጫው የሆነው።

አባቶቻችንም ያውቁት ነበር

የተወለድኩትና የማገለግለው በዚህ በላስታ ምድር ነው። እኛ ወንጌላውያን በዚህ ጥቂቶች ነን፤ የአባቶቻችንን ሥራ ግን በየቀኑ እናያለን። ከቀትር ፀሐይ ወደ አንዱ ውቅር ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው መጀመሪያ ምንም አያይም። ትንሽ ሲቆይ ዓምዶቹ፣ ከዚያም የመስኮቶቹ ቅርጽ፣ ከዚያም ጣሪያው ላይ ያለው ጌጥ ይወጣለታል። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ ዓይኑ ነው ጊዜ ያስፈለገው። ጠራቢዎቹም ይህን ስለሚያውቁ መስኮት ፈለፈሉ። በገና ሌሊት ደግሞ ምእመናኑ ጧፍ ይዘው ይቆማሉ። በቀን የሚያየውና በሌሊት የሚያየው ዓይን አንድ አለመሆኑን ለማወቅ ስልክ አላስፈለጋቸውም።

የብራና መጻሕፍቱንም ተመልከቱ። ጸሐፊው በፊቱ ሁለት ቀለም ነበረው፦ ጥቁርና ቀይ። ጽሑፉ በጥቁር ይሄዳል፤ የምዕራፍ መጀመሪያና የከበሩ ስሞች በቀይ ይጻፋሉ። ይህ ለጌጥ ብቻ አይደለም። አንባቢው በጨለማ ቤት ውስጥ፣ በጧፍ ብርሃን፣ የት እንደ ደረሰ እንዲያውቅ ይረዳዋል። በምዕራቡም ዓለም ሉዊስ ክሎፕሽ የተባለ የክርስቲያን ጋዜጣ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1899 የጌታ ኢየሱስን ንግግር በቀይ ያሳተመበትን አዲስ ኪዳን አወጣ፤ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንይዘው ባለ ቀይ ፊደሉ መጽሐፍ ቅዱስ ከዚያ የመጣ ነው። ቀይ የተጻፈው ቃል ጥቁር ከተጻፈው አይበልጥም፤ መጽሐፍ ሁሉ የእግዚአብሔር እስትንፋስ ያለበት ነውና። ይሁን እንጂ ቀለም አንባቢን እንደሚረዳ ለማመን አዲስ ነገር መማር አላስፈለገኝም። በሰፈሬ ነበር።

ለሚሠሩ ልጆቻችን

በሌሎች አጥቢያዎችም ይህን የመሰለ አገልግሎት የሚሠሩ ወጣቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ከልጆቻችን ጋር ስንሠራ የተማርነውን በአጭሩ ልንገራችሁ።

ቀለሙን በመልኩ አትጥሩት፤ በሥራው ጥሩት። በሲኤስኤሱ ውስጥ "ነጭ"፣ "ጥቁር" እያላችሁ በየቦታው ከጻፋችሁ ገጹን ስትገለብጡ ሁሉም ይበላሻል። "የመደብ ቀለም"፣ "የጽሑፍ ቀለም"፣ "የርእስ ቀለም" ብላችሁ በአንድ ቦታ ሰይሟቸው፤ ገጽታው ሲቀየር ስሙ ሳይነካ ዋጋው ብቻ ይቀየራል።

መጀመሪያ የስልኩን ምርጫ አክብሩ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአንድሮይድም የአይፎንም ስልኮች በራሳቸው ጥቁር ገጽታ አላቸው፤ ድረ ገጹም ባለቤቱ የትኛውን እንደ መረጠ ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው ራሱ መለወጥ ይቻለው፤ የመረጠውም እዚያው ስልኩ ላይ ይቀመጥ። ለዚህ ብላችሁ ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል አትጠይቁት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሆነውን አትርሱ፤ ገጹ ኔትወርክ ሳይኖርም እንዲከፈት፣ ምርጫውም ኔትወርክ ሳይኖር እንዲሠራ አድርጉት።

ገጹ ሲከፈት ለቅጽበት ነጭ ብልጭ ብሎ ወደ ጥቁር እንዳይለወጥ ተጠንቀቁ። ይህ የሚሆነው ምርጫውን የሚያነብበው ኮድ ገጹ ከተሳለ በኋላ ሲሠራ ነው። ወደ ገጹ ራስጌ አምጡት። ለእናንተ ቅጽበት ነው፤ ለእማማ ግን ያው የቀትር ፀሐይ ነው።

ንጽጽሩን በዓይን ግምት ሳይሆን በቁጥር ለኩት። የዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ፊደል 3 ለ 1 ይላል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ የለም። በቀዩ ፊደል ላይ እኛ ራሳችን ተሳስተን ነበር። የጌታን ንግግር የጻፍንበት ጠቆር ያለ ቀይ በነጭ መደብ ላይ 10 ለ 1 ያህል ነበረ፤ ያንኑ ቀይ ጥቁር መደብ ላይ ስናስቀምጠው 2 ለ 1 ገደማ ሆነ። እስቲ አስቡት! ከገጹ ሁሉ ሊነበብ ያልቻለው የኢየሱስ ንግግር ብቻ ነበር። ለጥቁሩ ገጽታ ሌላ ፈካ ያለ ቀይ መረጥን። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎችም ስላሉ በቀለም ብቻ የሚገለጽ ነገር አታስቀምጡ፤ ምልክት ወይም ቃል ጨምሩበት።

በመጨረሻም፣ አዝራሩ ላይ ጨረቃና ፀሐይ ብቻ አትሳሉ። "ነጭ"፣ "ጥቁር" ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት፤ የፊደል ማተለቂያውንም አጠገቡ አድርጉት። ሽማግሌ እናት ሦስት ገጽ አልፋ የምታገኘው ምርጫ ለእርሷ የለም ማለት ነው።

"ይህ ዓለማዊነት አይደለምን?"

አንድ የማከብረው ወንድም ይህን ስነግረው "መጋቢ፣ ዛሬ ቀለም ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይጠይቁሃል። ወጣቱ ለውበት እንጂ ለቃሉ መቼ ግድ አለው?" አለኝ። አሳቡን አልናቅሁበትም። ውጫዊውን እያስዋቡ ውስጡን መርሳት ጌታ በማቴዎስ 23 አጥብቆ የገሠጸው ነው። ልጆቹ በሠሩት ገጽ ላይ አሥራ ሁለት ዓይነት ቀለም ቢደረድሩ፣ ሰውም ሲከፍተው ከንባቡ ይልቅ በቀለሙ ሲጫወት ቢያመሽ፣ እኔም እቃወማለሁ። ስለዚህ በሦስት ተወሰንን፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ እና እንደ ብራና ያለ ወየብ ያለ መደብ።

አንድ አራተኛ ጥያቄም ቀርቦ ነበር፦ በሰንደቅ ዓላማ ቀለም። ይህን እንዳይጨምሩ ለመንኳቸው። አገሬን ስለማልወድ አይደለም። በዚህ ዘመን በአገራችን የሰንደቅ ቀለምና በላዩ ያለው ወይም የሌለው ምልክት ሰውን ከሰው እንደሚለይ፣ ደምም እንዳፋሰሰ ታውቃላችሁ። ገጹን የሚከፍተው ሰው ማን መሆኑን አናውቅም። ከጌታ ቃል በፊት የእኛን ወገን እንዲያይ አልፈልግም። ቀለም ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም፤ አንዱን የሚያስጠጋው ሌላውን ሊገፋው ይችላል።

መለኪያዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ወደ ቃሉ የሚያስጠጋ ከሆነ ይጨመር፤ ከቃሉ የሚያርቅ ወይም ወንድምን የሚገፋ ከሆነ ይቅር። ሮሜ 14 እና 15 የሚያስተምሩን ይህን ነው፤ የበረቱት የደካሞችን ድካም ይሸከሙ፣ ራሳቸውን ደስ ለማሰኘት አይኑሩ። ዓይኔ ደህና ስለሆነ "አያስፈልግም" ማለቴ በእኔ ብርታት ሌላውን መለካቴ ነበር።

የሚቀየረውና የማይቀየረው

አንዱ ልጅ ሥራውን ሲያሳየኝ የነገረኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። "መጋቢ፣ ጽሑፉ በአንድ ፋይል ነው፤ ቀለሙ በሌላ ፋይል ነው። ቀለሙን ስንቀይር ከጽሑፉ አንዲት ፊደል አትነካም" አለኝ። ከዚህ የተሻለ ትምህርት በነገረ መለኮት ኮሌጅ የሰማሁ አይመስለኝም።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ለአይሁድ እንደ አይሁዳዊ፣ ለደካሞች እንደ ደካማ መሆኑን ይናገራል። ወንጌሉን ግን አልለወጠም፤ ለገላትያ ሰዎች ሌላ ወንጌል የሚሰብክ ማንም ቢሆን የተረገመ ይሁን ብሎ ጽፏል። አቀራረቡን በአንድ እጁ፣ ወንጌሉን በሌላ እጁ ይዞ ሁለቱን አላደባለቃቸውም። የእኛ ችግር እነዚህን ማደባለቃችን ነው። አንዳንዶቻችን አቀራረቡን እንደ ወንጌል ይዘን፣ የወንበር አደራደርና የመዝሙር ዜማ ሲነካ ሃይማኖት የተነካ ይመስለናል። ሌሎቻችን ደግሞ ወንጌሉን እንደ ቀለም ይዘነዋል፤ ንስሐ የሚለው ሲከብደን ስለ በረከት ብቻ ወደሚያወራ ሰባኪ እንገለብጣለን፣ ይቅር በል የሚለው ሲመረን ቁጣችንን ወደሚያሞቅልን መድረክ እንዞራለን። ልባችን የወደደውን ገጽታ እየመረጥን ቃሉን ራሱ ለማስተካከል እንፈልጋለን።

ወገኖቼ፣ በጦርነትና በመከራ ባለፉት ዓመታት ይህን በራሴ አይቻለሁ። ጠላትን ውደድ የሚለው ትምህርት የከበደኝ፣ ገጹን አልፌ ልሂድ ያልኩበት ቀን ነበር። የስልኬን ቀለም መቀየር እችላለሁ። የማቴዎስ 5ን ትእዛዝ መቀየር ግን አልችልም። በነጭ መደብም ባነብበው፣ በጥቁርም ባነብበው፣ ያው ነው፤ የሚለወጠው እኔ ነኝ።

በሌሊት ለምታነብቡ

አንድ ነገር ልጨምር። ገጹ ከተስተካከለ በኋላ አንድ ወጣት መልእክት ላከልን። ከታናናሾቹ ጋር በአንድ ክፍል ነው የሚያድረው። ቃሉን ማንበብ የጀመረው በቅርቡ ነው፤ ጊዜ የሚያገኘው ሁሉም ከተኙ በኋላ ነው። ነጩ ብርሃን ሕፃናቱን ይቀሰቅስበት ስለነበረ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያነብ ነበር። አሁን በጥቁሩ ያነብባል፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ ደርሷል። ኒቆዲሞስም ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነበር፤ ጌታም ለምን በቀን አልመጣህም ብሎ አልመለሰውም።

እስካሁን ያልወሰናችሁ፣ እየጠየቃችሁ ያላችሁ፣ በሌሊት ብቻችሁን የምታነብቡ ወገኖች ሆይ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በየትኛውም ቀለም አንብቡት። በመዝሙር 139 እንደ ተጻፈው ለእርሱ ጨለማና ብርሃን አንድ ናቸው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ያያችኋል።

ባለፈው የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ሁለቱን ልጆች አስጠርቼ በሽማግሌዎቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "ችግር የለም መጋቢ" አሉኝ። ይህኛው "ችግር የለም" ከያኔው "እሺ" ይለያል። የነቢያት መጻሕፍትንም እየጨረሱ ነው፤ የፊደል ስሕተት የሚያርሙ ሦስት እኅቶች ተጨምረውላቸዋል።

ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ማታ የቤተ ክርስቲያናችሁን ገጽ ወይም የመጽሐፍ ቅዱስ መተግበሪያችሁን ይዛችሁ በቤታችሁ ካሉት ሁሉ ዕድሜያቸው ወደ ገፋው ዘንድ ሂዱ። አታንብቡላቸው። ስልኩን ስጧቸውና "ይታያል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አይታይም ካሉ ጥፋቱ የዓይናቸው ነው ብላችሁ አትነሡ። ቀለሙን ቀይሩ፣ ፊደሉን አተልቁ፣ አብራችኋቸው ተቀመጡ፤ "ሌላም አለው?" እስኪሉ ድረስ።

የእግዚአብሔር መብራት አልጠፋም። የፈዘዙትን ዓይኖች እንድናስታውስ ጌታ ይርዳን። አሜን።